የላፕቶፕ ድምፅ በጊታር አምፕ፦ ይሠራል ወይስ አይሠራም?

ዛሬ የፖለቲካውን ወሬ ለአንድ ቀን እናሳድረውና ስለ አንድ ዕቃ እናወራለን። ዕቃው የጊታር አምፕ ነው። «ደግሞ እናንተ ስለ ጊታር ምን አገባችሁ?» የሚል አይጠፋም። ትንሽ ታገሱን፣ ነገሩ የመጣው ከለቅሶ ቤት ነው።

ጄኔቫ ውስጥ አንዲት እህታችን የእናቷን መርዶ ሰማች። እናት ያረፉት ደሴ ነው። ልጅ የያዘችው ፈቃድ ደግሞ ኤፍ ነው። ስዊዘርላንድ የምትኖሩ ታውቁታላችሁ፣ በኤፍ ወረቀት ብድግ ብሎ አውሮፕላን ውስጥ መግባት የለም። እሷ ወደ ለቅሶው መሄድ ስላልቻለች ለቅሶው በቪዲዮ ጥሪ ወደ እሷ መጣ። አርባ የምንሆን ሰዎች አንድ የተከራየነው ትንሽ አዳራሽ ውስጥ ተሰበሰብን። እንጀራው ከየቤቱ ተጋግሮ መጥቷል፣ ቡናው ተፈልቷል፣ ላፕቶፑ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ደሴ ያሉት ታላቅ ወንድሟ መናገር ሲጀምሩ ግን ከፊት ወንበር ካሉት በቀር የሰማ የለም። ከኋላ አንዲት እናት «ልጆቼ፣ ምን አሉ? እኔ እኮ አይሰማኝም» አሉ። ዝም ብንልም ያው ነው፤ የላፕቶፕ ስፒከር አርባ ሰው ለሚያለቅስበት አዳራሽ አልተሠራም።

ጥግ ላይ ወጣቶች ልምምድ የሚያደርጉበት አንድ የጊታር አምፕ ነበረ። አንዱ ልጅ «ይሄንን ብንሰካውስ?» አለ። ሌላው «ኧረ ተው፣ ላፕቶፑን ያቃጥለዋል!» ብሎ ጮኸ። ሦስተኛው ደግሞ አምፑ ነው የሚቃጠለው ባይ ነው። ሰውየው ስክሪኑ ላይ እያለቀሱ እኛ አምስት ደቂቃ ሙሉ ተከራከርን። እነዚያ አምስት ደቂቃዎች እስካሁን ያሳፍሩናል። ይህንን ጽሑፍም የምንጽፈው ሌላ ቦታ ሌላ ሰው ለቅሶ ላይ ቆሞ እንዳይከራከር ብለን ነው።

በመጨረሻ ሰካነው። ምንም አልተቃጠለም። ድምፁ ትንሽ የታፈነ፣ ከድሮ ራዮ የሚወጣ ዓይነት ነበር፤ ቃሉ ግን አንድ በአንድ ይሰማል። ወንድም የእናታቸውን የመጨረሻ ቀን ሲያወሩ ከኋላ ያሉት እናትም አብረው አለቀሱ።

እንግዲህ መልሱ ይሄው፦ ይሠራል፣ በትክክል ከተሰካ አይቃጠልም፣ ለንግግር ጥሩ ነው፣ ለሙዚቃ ግን ደካማ ነው። ለምን እንደሆነ እንይ።

የጊታር አምፕ እንደ ቤት ስፒከር የገባውን ድምፅ እንዳለ አያወጣም። የጊታሩ ግማሽ አካል ነው። ጊታሩና አምፑ አብረው ናቸው አንድ መሣሪያ የሚሆኑት፤ ስለዚህ ሠሪዎቹ ሆን ብለው ድምፁን ቅርጽ ይሰጡታል፣ አንዱን ይጨምራሉ ሌላውን ይቆርጣሉ። የሰው ጆሮ ከ20 ሄርዝ እስከ 20,000 ሄርዝ አካባቢ ይሰማል። የጊታር ወፍራሙ ክር የሚጀምረው ከ82 ሄርዝ ላይ ነው። ለጊታር የሚሠሩ ስፒከሮችም ከዚያው ጋር ይሄዳሉ፤ ለምሳሌ ብዙ አምፕ ውስጥ የምታገኙት የሴለስቲየን ባለ 12 ኢንች ስፒከር ከ70 እስከ 5,000 ሄርዝ ብቻ ነው የሚባለው። ቀጫጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ትንሿ ስፒከር፣ ትዊተር የምትባለው፣ የጊታር አምፕ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ የለችም። ኖራ ቢሆን የተዛባ ጊታር ጆሮ ይበጣ ነበር።

ታዲያ ንግግር ለምን ጥሩ ሆኖ ተሰማ? የድሮው የቤት ስልክ የሚያስተላልፈው ከ300 እስከ 3,400 ሄርዝ ያለውን ብቻ ነበር። እናቶቻችን ከቴሌ ቢሮ ሲደውሉልን የነበረው በዚያች ጠባብ መንገድ ነው፤ ግን ማን እንደሆነ በ«ሃሎ» እናውቃለን፣ መታመሙን ሁሉ ከድምፁ እንለያለን። የሰውን ቃል ለመረዳት የሚያስፈልገው በአብዛኛው እዚያ ውስጥ አለ። የጊታር አምፕ መንገዱ ከዚህ ሰፋ ይላል። ስለዚህ ለለቅሶ፣ ለስብሰባ፣ ለስብከት፣ ለዕድር ጉዳይ ይበቃል።

ሙዚቃ ላይ ስትመጡ ታሪኩ ይለወጣል። የባስ ጊታር ወፍራሙ ክር 41 ሄርዝ ላይ ነው፤ የጊታር አምፕ እዚያ አይወርድም። የከበሮው ድንግ-ድንግ ቀጭን ካርቶን የመታችሁ ይመስላል። የሲምባሉ ፍጭርጭርታም ይጠፋል። እኛ ቤት ቁጭ ብለን ያገኘናቸውን ዘፈኖች ሁሉ በላፕቶፕ እያጫወትን ሞክረናል። በእኛ ጆሮ ክራርና መሰንቆ በደንብ ወጥተዋል፤ እንዲያውም መሰንቆው አዳራሽ ውስጥ የተቀመጠ ይመስል ነበር። ይሄ አያስገርምም፤ ክራር ተጫዋቾቻችን ኤሌክትሪክ ክራራቸውን ጊታር አምፕ ላይ ሲሰኩ ስንት ዘመናቸው ነው! በገና ላይ ንዝረቱ ይሰማል፣ ሆድ የሚያባባው ከታች ያለው ድምፅ ግን ይጎድላል። የዛሬዎቹ በኮምፒውተር የተቀናበሩ ዘፈኖች ደግሞ ጭራሽ አይሆኑም፤ ግማሹ ዘፈን ባስ ነውና።

የጄኔቫ ነገር ከተነሳ አይቀር፣ ኢምፔሪያል ታይገር ኦርኬስትራ የሚባል የጄኔቫ ባንድ እንዳለ ስንቶቻችሁ ታውቃላችሁ? የስዊዘርላንድ ልጆች ናቸው፣ የሚጫወቱት ግን የእኛን የድሮ ዘፈኖች ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. ያወጡት አልበም ስሙ «መርካቶ» ነው። በተሰባበረ ጊታርና ኪቦርድ ድምፅ የእኛን ቅኝት ሲጫወቱ አምፑ ምን እንደሚጨምር ትሰማላችሁ። ያንኑ አልበም ከላፕቶፕ በጊታር አምፕ ብታጫውቱት ግን ቀለሙ ሁለት ጊዜ ተቀባ ማለት ነው፤ መጀመሪያ በእነሱ አምፕ፣ ቀጥሎ በእናንተ። ወጥ ላይ ሁለተኛ ሚጥሚጣ እንደመነስነስ ነው።

አሁን ወደ አሰካኩ።

መጀመሪያ አምፑን አገላብጣችሁ እዩት። «ኦክስ ኢን» የሚል ትንሽ ቀዳዳ ካለው ተገላገላችሁ፤ ላፕቶፑን ወይም ስልኩን እዚያ ስኩ። ይህ ቀዳዳ ብዙውን ጊዜ ድምፁን የሚያቀልመውን የአምፑን የመጀመሪያ ክፍል ዘሎ ያልፋል። ከጀርባው «ሪተርን» የሚል ትልቅ ቀዳዳ ካለም እንደዚያው ዘላችሁ መግባት ትችላላችሁ። ሁለቱም ከሌሉ የጊታሩ መግቢያ ላይ ነው የሚሰካው። ያኔ «ክሊን» የሚለውን ቻናል ምረጡ፣ ጌይኑን ከታች አድርጉ፣ ሪቨርብ የሚባለውን ማስተጋቢያ ዝጉት። ለቅሶ ላይ ሪቨርብ ከተከፈተ ሰውየው ዋሻ ውስጥ ሆነው የሚያወሩ ይመስላል። ባሱን ቀነስ፣ ትሬብሉን ከፍ አድርጉት።

የጊታሩ መግቢያ የተሠራው ከጊታር ፒክአፕ ለሚመጣ ደካማ ምልክት ነው። የላፕቶፕ የጆሮ ማዳመጫ መውጫ ከዚያ በጣም ሊበረታ ይችላል። ስለዚህ ሁለቱንም ዜሮ ላይ አድርጋችሁ ስኩ፣ የላፕቶፑን ድምፅ ሩብ ያህል አድርጉ፣ ከዚያ የአምፑን ቁልፍ በዝግታ ክፈቱት። ድምፁ መሰንጠቅ ከጀመረ የላፕቶፑን ቀንሱ እንጂ የአምፑን አትንኩ፤ የሚሰነጠቀው መግቢያው ላይ ነው። «ላፕቶፑን ያቃጥለዋል» ላለው ወንድማችንም መልሱ ይሄው ነው፦ ላፕቶፑ ሰጪ፣ አምፑ ተቀባይ ነው፤ ወደ ኋላ የሚመጣ ኃይል የለም። የሚያቃጥለው ተገላቢጦሹ ነው። አምፑ ጀርባ ላይ «ስፒከር» የሚል መውጫ አለ፤ እሱን በምንም ዓይነት ወደ ላፕቶፕ እንዳትሰኩት።

ሌላው ጣጣ ገመዱ ነው። ለምን ብዙ እንደምናወራበት ቀጥሎ ታያላችሁ።

ከላፕቶፕ የሚወጣው ድምፅ ሁለት ነው፣ ግራና ቀኝ። የጊታር አምፕ መግቢያ የሚቀበለው አንድ ብቻ ነው። በአዳፕተር ስትሰኩት አብዛኛውን ጊዜ የሚገባው ግራው ብቻ ነው፣ ቀኙ ይቀራል። ለቪዲዮ ጥሪ ጉዳት የለውም፣ በሁለቱም በኩል ያለው ድምፅ ያው ነውና። ዘፈን ላይ ግን አንዱ መሣሪያ ሙሉ በሙሉ ሊጠፋ ይችላል። መፍትሔው ነጻ ነው፦ ኮምፒውተሩ ራሱ ሁለቱን አንድ እንዲያደርግ ማዘዝ። ዊንዶውስ ላይ የአክሰሲቢሊቲ ቅንብር ውስጥ «ኦዲዮ» ስር ገብታችሁ «ሞኖ ኦዲዮ» የሚለውን አብሩት። ማክና አይፎን ላይም እዚያው አክሰሲቢሊቲ ውስጥ አለ። አንድ ጆሯቸው ለማይሰማ ሰዎች የተሠራ ነገር ነው፣ ለእኛም ጠቀመን። ስንጨርስ መልሶ ማጥፋት ግን እንዳይረሳ፤ እኛ ረስተነው አንድ ሳምንት «ይሄ ላፕቶፕ ምን ነካው?» ስንል ከረምን።

አሁን ወደ ዙሪክ። ከጄኔቫው ለቅሶ ወራት በኋላ ዙሪክ ላይ ለአንድ አባት የአርባ ቀን መታሰቢያ ነበረ። «የጊታር አምፕ ምን ያደርጋል፣ የደህና ደህና እናምጣ» ተብሎ ለኮንሰርት የሚሆን ትልቅ ስፒከር በውሰት መጣ። የላፕቶፑን ገመድ ሰካነው፣ አዲስ አበባ ያሉት ቄስ አፋቸው ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለም። መብራቱ በርቷል፣ ቮሊዩሙ ተከፍቷል፣ የለም! አንዱ ለሙከራ ዘፈን ከፈተ፤ ባንዱ ከሩቅ ይሰማል፣ ዘፋኙ ግን የለም። ድምፃዊውን የበላው ጅብ ምንድን ነው?

ነገሩ እንዲህ ነው። የደህናዎቹ ስፒከሮች መግቢያ ባላንስድ ይባላል። አንድን ድምፅ በሁለት ሽቦ ይቀበላል፤ ሁለተኛው ሽቦ ላይ ያለው የተገለበጠ ቅጂ ነው ብሎ ያስባል፣ ስለዚህ አንዱን ከአንዱ ይቀንሳል። በዚህ መንገድ መንገድ ላይ የገባ ጉርምርምታ ይጠፋል፣ ብልህ ዘዴ ነው። ግን የላፕቶፕን ስቴሪዮ ገመድ እንዳለ ከሰካችሁበት ግራውን ከቀኙ ይቀንሳል። በሁለቱም በኩል እኩል የሆነ ነገር ሁሉ ዜሮ ይሆናል። የቪዲዮ ጥሪ ድምፅ በሁለቱም በኩል አንድ ነው፤ አምስት ሲቀነስ አምስት፣ ዜሮ። ዘፈን ላይም ድምፃዊው መሀል ስለሚቀመጥ እሱ ይጠፋና ዳር ዳር ያሉት መሣሪያዎች ይቀራሉ። ያ ውድ ስፒከር የቄሱን ጸሎት ያጠፋው በዚህ ነው፣ ያ ርካሽ የጊታር አምፕ ግን አላጠፋውም። እዚህ ላይ «ሞኖ ኦዲዮ» ብታበሩት ደግሞ ይባስ ይጠፋል። የሚያስፈልገው ከአንድ ትንሽ ጃክ ተነስቶ ሁለት ትልልቅ ሞኖ ጃክ የሚሆን ገመድ ነው። አንዱን ጫፍ ስፒከሩ ላይ፣ ሌላውን ሁለተኛ መግቢያ ካለ እዚያ ላይ፣ ከሌለም አንጠልጥሎ መተው።

ገመዱን ለመግዛት ጄኔቫ ላይ «ጃክ» ስትሉ ይገባቸዋል። ዙሪክ ላይ «ክሊንከ» በሉ። ትንሹ 3.5 ሚሊ ሜትር ነው፣ የጊታሩ ትልቁ 6.3 ነው፣ አንዳንዱ ላይ 6.35 ተብሎ ይጻፋል፣ ያው ናቸው። ስልካችሁ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ከሌለው ከዩኤስቢ-ሲ ወደ ጃክ የሚቀይር ትንሽ ገመድ ቦርሳችሁ ውስጥ ይኑር። ብሉቱዝ ያለው አምፕም አለ፣ ድምፁ ግን ከምስሉ ሊዘገይ ይችላል፤ አፍ ቀድሞ ቃል ሲከተል ሰው ይረበሻል።

ከሰካችሁ በኋላ «እምምም» የሚል ጉርምርምታ ከመጣ የላፕቶፑን ቻርጀር ንቀሉና በባትሪ አስኪዱት። ብዙውን ጊዜ በቃ፣ ይጠፋል። ምክንያቱ ላፕቶፑም አምፑም በየራሳቸው ሶኬት ከመሬት ሽቦ ጋር ስለሚገናኙ በመሀላቸው ቀለበት መፈጠሩ ነው። ባትሪው ካልበቃ «ግራውንድ ሉፕ አይሶሌተር» የምትባል ትንሽ ሳጥን ገመዱ መሀል ይገባል። ከዚህ ውጭ አንዳንድ ሰው የሚያደርገውን የመሬቱን እግር መቁረጥ ወይም በፕላስተር መሸፈን እንዳታስቡት። ያ እግር አምፑ ውስጥ አንድ ነገር ቢላቀቅ ኤሌክትሪኩ በእናንተ በኩል እንዳያልፍ የሚጠብቃችሁ ነው። የስዊዝ መሰኪያ ላይ ከሁለቱ እግሮች ትንሽ ወጣ ብላ መሀል ያለችው እሷ ናት።

አሜሪካ ያለ ዘመድ አምፕ ሲልክላችሁም ተጠንቀቁ። እዚያ 120 ቮልት ነው፣ ስዊዘርላንድ 230። ጀርባው ላይ 120 ብቻ ከተጻፈ መሰኪያ መቀየር አያድነውም፣ ቮልቴጁን የሚቀንስ ትራንስፎርመር ያስፈልጋል። ከዚህ ወደ አገር ቤት ለሚልክ ግን ችግር የለም፣ ኢትዮጵያም 220 ቮልትና 50 ሄርዝ ስለሆነች የሚለወጠው መሰኪያው ብቻ ነው። ባለ ቱቦ የድሮ አምፕ ካጋጠማችሁ ደግሞ ክዳኑን አትክፈቱ፤ ከሶኬት ተነቅሎም ውስጡ ሰው የሚገድል ቮልት ሊቀር ይችላል።

የቪዲዮ ጥሪ ላይ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። አምፑ ከላፕቶፑ አጠገብ ከተቀመጠ የደሴው ሰውዬ ድምፅ ከአምፑ ወጥቶ በላፕቶፑ ማይክ ተመልሶ ወደ ደሴ ይሄዳል። እሳቸው የራሳቸውን ድምፅ ዘግይቶ ይሰሙና ይደናገራሉ፣ ወይም ፉጨት ይነሳል። አምፑን ከላፕቶፑ ፊት ራቅ አድርጋችሁ ፊቱን ወደ ሰው አዙሩት፣ እነሱ ሲናገሩ የናንተን ማይክ ዝጉ። ሐዘንተኛዋ ስትናገር ደግሞ የአምፑን ድምፅ ቀንሳችሁ ወደ ላፕቶፑ አቅርቧት። ይህንን የሚሠራ አንድ ሰው አስቀድማችሁ መድቡ፣ የሚያለቅስ ሰው ይህንን አይችልም። ሰዓቱንም አትርሱ፤ አዲስ አበባ በክረምት ሁለት ሰዓት፣ በበጋ የአውሮፓ ሰዓት አንድ ሰዓት ትቀድማለች። በጥቅምትና በመጋቢት መጨረሻ አካባቢ ሰዓቱ ሲቀየር ስንት ሰው አርፍዶ ገብቷል።

ቤት ውስጥ ከሆነ ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ፣ በእነሱ 22 ሰዓት ማለት ነው፣ ጎረቤት በር ያንኳኳል። እሁድም ቀኑን ሙሉ ለስለስ ማድረግ ነው። በአዳራሽ ለሠርግ ወይም ለእንቁጣጣሽ ከፍ አድርጋችሁ የምታሰሙ ከሆነ ደግሞ ከሰኔ 1 ቀን 2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራ የፌዴራል ደንብ አለ። የአንድ ሰዓት አማካይ ድምፁ ከ93 ዴሲቤል የሚያልፍ ዝግጅት ከ14 ቀን በፊት ለካንቶኑ ይነገራል፣ ለታዳሚም የጆሮ መከላከያ በነጻ ይቀርባል። ከ100 ማለፍ አይቻልም። ለለቅሶ እዚያ አትደርሱም።

አምፕ መግዛት የምትፈልጉ፣ ጄኔቫ ላይ የፕላንፓሌ ገበያ ረቡዕና ቅዳሜ ይቆማል፤ ዙሪክ ላይ ብሮኪ የሚሏቸው የአሮጌ ዕቃ ቤቶች አሉ። ለማኅበራችሁ አንድ ዕቃ ብቻ የምትገዙ ከሆነ ግን ምክራችን የጊታር አምፕ አትግዙ ነው። የኪቦርድ አምፕ ግዙ፤ ትዊተር አለው፣ ባሱም ይወርዳል፣ ማይክም ላፕቶፕም ይቀበላል። የጊታር አምፕ ኖሯችሁ ሌላ ነገር ለሌላችሁ ግን ያው በቂ ነው። ከመግዛታችሁ በፊት እዚያው ስልካችሁን ሰክታችሁ የሰው ንግግር አሰሙበት፤ ቁልፎቹን ስታዞሩ የሚንኮሻኮሽ ከሆነ ዋጋ አስቀንሱበት፣ ብዙ ጊዜ አቧራ ነው። ገመዱን፣ አዳፕተሩንና የኤሌክትሪክ ማከፋፈያውን በአንድ ፌስታል አድርጋችሁ ከአምፑ እጀታ ላይ እሰሩት። የእኛ እንዲያ ታስሮ ጄኔቫ አዳራሹ ጥግ ተቀምጧል።